ከኖራው መስመር ወዲህ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ስለ ስፖርት ማኔጅመንት ትምህርት ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከጣና ዳር ነው። እኔም ይህንኑ ተምሬ እዚሁ ባሕር ዳር ስለምሠራ፣ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የምጠራቸው ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሽንብጥ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስፖርት ማኔጅመንት ማጥናት እፈልጋለሁ። ኳስ እወዳለሁ፤ ራሴ ግን አልጫወትም። ሁለት መቶ ሜትር ብሮጥ ትንፋሽ ያጥረኛል። ስለ ባሕር ዳር ከነማ ከጠየቁኝ ግን የማላውቀው የለም። አባቴ «ደግሞ ለኳስ ዲግሪ ምን ይሠራል? አካውንቲንግ ግቢ» ይለኛል። እናቴ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ስሮጥ የምውል መስሏት ትጨነቃለች። ለመሆኑ እዚያ የሚማሩት ምንድን ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

የሽንብጧ ነኝ

መልስ

የሽንብጧ፣ መጀመሪያ እናትሽን እናሳርፍ። በዚህ ትምህርት የሚደክመው እግር አይደለም፤ መቀመጫ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የአካል ብቃት የሚባል የጋራ ኮርስ አለ፤ እሱን ግን የሕግ ተማሪውም፣ የምሕንድስና ተማሪውም ይወስደዋል። አካውንቲንግ ብትገቢም አታመልጪውም። ይህን ለአባትሽ ንገሪልኝ።

የቀረው አንደኛ ዓመት እንደማንኛውም ፍሬሽማን ነው። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ። እሱን እንለፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ኮርሶች በስም ብደረድርልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። ማኔጅመንት፣ የስፖርት ግብይት፣ ፋይናንስ፣ የስፖርት ሕግ፣ የማዘውተሪያ ስፍራ አስተዳደር፣ የውድድር ዝግጅት፣ የሰው ኃይል፣ ስታትስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ። ስማቸውና ብዛታቸው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። የሁሉም ጉዳይ ግን ዳኛው ፊሽካ ከመንፋቱ በፊትና ከነፋ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ከነጩ የኖራ መስመር ውስጥ ያለው የአሠልጣኙና የተጫዋቹ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው።

«ወዲህ ደግሞ ምን አለ?» ካልሽ፣ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ያኔ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ።

ሰኔ 2013 ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ። አገሩ አበደ። እዚህም ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እያስጮኸ፣ ሰው ዘንባባው ሥር እየጨፈረ ነበር። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እየመረመርኩ ነው አለ። ቦትስዋና ላይ የተሰለፈ አንድ ልጅ ከቀደሙት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት። በደንቡ ያንን ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። መጨረሻ ላይ ውጤቱ ተሰረዘና ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ። ሦስት ነጥባችን ሄደ።

ያንን ድል የነጠቀን ተከላካይ አይደለም፤ በረኛም አይደለም። አንድ ሰው ፋይል ገልጦ «ይሄ ልጅ ዛሬ አይሰለፍም» ማለት ነበረበት። አላለም። በመስከረም ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን ባናልፍ ኖሮ፣ ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ሲረገም ይኖር ነበር። ክፍል ውስጥ መምህራችን ይህን ታሪክ ሲያነሣ ማንም አልሣቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢጫ ካርድ መዝገብ ሲሰጠኝ እንደ ባንክ ብር ሁለት ጊዜ ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛው ሜዳ ነው። ማለቴ ሣሩ አይደለም።

ስታዲየማችንን ታውቂዋለሽ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ኅዳር 2019 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፍነው እዚያ ነው። እኔ ያን ቀን ድምፄ ተዘግቶ ለሦስት ቀን ቤተሰቤን በእጅ ምልክት ነው ያናገርኩት። ጥቅምት 2021 እዚሁ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተጫወትን በኋላ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው ደረጃዬን አያሟላም አለ። የጋናን ጨዋታ «በሜዳችን» የተጫወትነው ሶዌቶ ሄደን ነው። ሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እስቲ አስቢው፤ ግብፅን አሸንፈሽ ጭብጨባው የሊሎንግዌ ሲሆን! ያ ጨዋታ ጣና ዳር ቢሆን ኖሮ ስንት ሆቴል፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ቆሎ ሻጭ ይጠቀም ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መርማሪው ሲመጣ የመልበሻ ክፍሉን ያያል። መብራቱን ይለካል። ወንበሩ ለየብቻ ነው ወይስ ደረጃ ላይ ነው የሚቀመጡት ይላል። የሕክምና ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል፣ የጋዜጠኛ ቦታ፣ የደጋፊ መግቢያና መውጫ ይጠይቃል። የማዘውተሪያ ስፍራ አስተዳደር የሚባለው ኮርስ ይኸው ነው።

እኛን መምህራችን አንድ ሜዳ ይዞን ሄደና «ሽንት ቤቱን ቁጠሩ» አለን። ሣቅን። ቆጠርን። «ይህ ሜዳ ሲሞላ ለአንዱ ሽንት ቤት ስንት ሰው ይደርሰዋል?» ሲለን ሣቁ ቀነሰ። ቀጥሎ በሮቹን አስቆጠረን። ስንቱ ወደ ውጭ ይከፈታል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ጨዋታው ሲያልቅ ሰውዬው ቁልፉን ይዞ ሻይ ሊጠጣ ቢሄድስ? ጥር 2022 ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያው ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 8 ሰው ሞቷል። እኛም በዚያ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነበርን። በር ቀላል ነገር አይደለም።

ግብይቱን በራሴ ውርደት ልንገርሽ።

በተመረቅኩበት ክረምት እዚሁ ከተማ የሰፈር ዋንጫ አዘጋጀን። እኔ አዲስ ዲግሪ፣ አዲስ ሸሚዝ፣ ሠላሳ ገጽ ዕቅድ። ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ስፖንሰር እንዲሆን አሳመንኩት። ባለቤቱ ገንዘቡን ሰጠ፤ እኔ ትልቅ ባነር አሠራሁ። ለፍጻሜው ጨዋታ ባነሩን በምዕራብ በኩል ካሉት ዛፎች ሥር ሰቀልነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። የባሕር ዳርን የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ታውቂያታለሽ። ሕዝቡ በሙሉ ጥላ ፍለጋ ባነሩ ፊት መጥቶ ተቀመጠ። ጀርባውን ሰጥቶት! በሌላው በኩል፣ ባነሩ በግልጽ በሚታይበት ፀሐይ ላይ፣ አንዲት ላም ብቻ ቆማ ነበር።

ባለ ሆቴሉ መጣ። ሕዝቡን አየ፤ ላሟን አየ። «ማስታወቂያውን ያየችው እሷ ናት? ቁርስ ትበላለች እንዴ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ አላበቃም። ሁለቱም ቡድኖች ቢጫ ማሊያ ለብሰው መጡ። ዳኛው አላጫውትም አለ፤ ልክ ነበር። ማን ምን እንደሚለብስ ከጨዋታው በፊት ተሰብስቦ መወሰን እንዳለበት ፈተና ላይ ተጠይቄ በደንብ መልሼዋለሁ። ስብሰባውን ግን ረሳሁት። በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት የልምምድ ሰደርያ ተውሰን፣ አርባ ደቂቃ ዘግይተን ጀመርን። ዝናቡ ደግሞ ለአርባ ደቂቃ ማን ይጠብቃል? ኖራውን አጥቦ ወሰደው። ሁለተኛውን አጋማሽ ዳኛው መስመሩን በግምት ነው ያጫወተው።

እንግዲህ ግብይት የሚባለው ኮርስ ባነር መስቀል አይደለም። ደጋፊው የት ይቀመጣል፣ በስንት ሰዓት፣ ፊቱ ወዴት ነው፣ ካሜራው ከየት ያያል፣ ስፖንሰሩ ለከፈለው ብር ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ነው። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ሪፖርት ጽፈሽ፣ ፎቶ አያይዘሽ ትሰጪዋለሽ። እኔ ምን ፎቶ ልስጠው? የላሟን?

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ። በ2008 ፊፋ አገራችንን ከዓለም አቀፍ እግር ኳስ አግዶ፣ ለ2010 የዓለም ዋንጫ ከጀመርነው ማጣሪያ ወጥተናል። ምክንያቱ የፌዴሬሽን አስተዳደር ጭቅጭቅና የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ነበር። ተጫዋቾቹ ምንም አላጠፉም። ማን ይመርጣል፣ ማን ይሽራል፣ ሲጣሉስ ማን ይዳኛል የሚለው መተዳደሪያ ደንብ ስታነቢው ይሰለቻል። ሳይነበብ ሲቀር ግን አገር ቤቱ ይቀመጣል።

አሁን ወደ አባትሽ። አካውንቲንግ ግቢ ማለታቸው ከብልሃት የራቀ አይደለም። ምክንያቱም ስፖርት ማኔጅመንት ውስጥም በጀት፣ ሒሳብ፣ ኦዲት አለ። አንድ ክለብ ከትኬት፣ ከስፖንሰር፣ ከቴሌቪዥን መብት፣ ከማሊያ ሽያጭ፣ ከደጋፊ መዋጮ ስንት ያገኛል? ለደመወዝ፣ ለሆቴል፣ ለትራንስፖርት ስንት ያወጣል? የብዙዎቹ ክለቦቻችን ቀዳዳ የሚደፈነው ከከተማ ወይም ከክልል በጀት ነው። ይህን ቁጥር ቁጭ ብላ የምትሠራ ልጅ ብርቅ ናት። የቁጥር ፍቅር ካለሽ ሁለቱንም አግኝተሻል።

«ለኳስ ዲግሪ?» የሚለው ጥያቄም የቆየ ነው። በ1957 የአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ዋልተር ኦማሊ፣ ጄምስ ሜሰን ለተባለ መምህር ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ በአጭሩ፣ ስታዲየም ማስተዳደር የሚችል፣ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ከየት ይገኛል የሚል ነበር። አልነበረም። ከዚያ ደብዳቤ የተነሣው ሐሳብ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በ1966 የማስተርስ ትምህርት እስኪከፍት ድረስ ሄደ። ስለዚህ ሐሳቡ የመጣው ከነጋዴ ነው። አባትሽ ነጋዴ ከሆኑ ይገባቸዋል።

ሁለት ምክር ልጨምርልሽና ልልቀቅሽ። የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪውን አታገኚም። ስለዚህ ስታትስቲክሱን አትናቂው። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ እስኪመጣ አትጠብቂ። በዚህ ክረምት ሽንብጥ አካባቢ የሰፈር ውድድር ካለ ሂጂና «ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ልመዝግብላችሁ» በያቸው። ማንም እምቢ አይልሽም። ያንን ሥራ የሚወድ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጥያቄ

ስፖርት ሳይንስ፣ አሠልጣኝነት እና ስፖርት ማኔጅመንት አንድ አይደሉም እንዴ? ሥራስ አላቸው?

የፔዳ ጎረቤት

መልስ

አንድ ልጅ ሜዳ ላይ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ እንበል። የስፖርት ሳይንስ ሰው ጉልበቱ ለምን እንደተጎዳና እንዴት እንደሚጠነክር ያስባል። አሠልጣኙ ተቀያሪ ወንበሩን ያያል። እንደ እኔ ማኔጅመንት የተማረው ደግሞ «አምቡላንሱ የት ቆመ? ሾፌሩስ አለ? ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ውሉ ምን ይላል?» ይላል። ሦስቱም ለአንድ ጉልበት ነው የሚሮጡት።

ሥራ ላይ አልዋሽህም። ክለብ፣ ፌዴሬሽን፣ ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ጂምናዚየም፣ ሩጫ አዘጋጅ፣ ሁሉም ይህን ሰው ይፈልጋሉ። መፈለጋቸውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ወንበሩ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው የቀድሞ ተጫዋች ወይም የሰው ዘመድ ነው። እኔ ስመረቅ የመጀመሪያ ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነበር። አፍሬበት ነበር፤ አሁን ግን የደጋፊን ጠባይ የተማርኩት በዚያች ቀዳዳ ነው እላለሁ። ጥሩ የተሠራ ሥራ ማየት ከፈለግህ ታላቁን ሩጫ ተመልከት። በ2001 በ10 ሺህ ሰው ተጀመረ። ቲሸርቱ ራሱ መግቢያህ ነው፤ ስፖንሰሩ ደረትህ ላይ ነው። ባነሩን ዛፍ ሥር የሰቀለ የለም።

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ ወንድሜ? እኔ ዘጌ የወጣቶች ቡድን መሪ ነኝ። 12 ዓመት ሆነኝ። ማሊያ አጥቤያለሁ፤ ኳስ ሰፍቻለሁ፤ ዳኛ ለምኛለሁ። በቀደም አንድ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ «የስጋት ትንተና አላችሁ ወይ?» አለኝ። «የእኛ ስጋት የባሕር ዳር ልጆች ናቸው» አልኩት። በመኪና ዙሮ መሄዱ ስለሚከብደን 18 ልጆች ይዤ በጀልባ እሻገራለሁ፤ እንጫወታለን፤ ብዙ ጊዜ እናሸንፋለን፤ ማታ እንመለሳለን። ዲግሪ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

የዘጌው

መልስ

የዘጌው ወንድሜ፣ መልስዎን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው ቡናቸው ትን አላቸው። ልጁን ግን ይዘኑለት።

ያለ ዲግሪም ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት ጀመሩ። በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣነው በእሳቸው አሠልጣኝነት ነው። ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዚህ ዲግሪ ወረቀት አልነበራቸውም። እርስዎም ዳኛ ለምነው የሚያመጡበትን አንደበት የትኛውም ክፍል አያስተምረውም። እኔ ራሴ የሚከፈለውን ዳኛ እንኳ ማስመጣት ያቅተኛል።

ልጁ የጠየቀው ግን እንዲህ ነው። የሚያስፈራዎትን ነገር ሁሉ በወረቀት ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ያስቀምጡ፤ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከደረሰስ ጉዳቱ? በባሕር ዳር ልጆች መሸነፍ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጉዳቱ ግን የአንድ ቀን ብስጭት ነው። አሁን ጀልባዋን ይጻፉ። ዕድሉ ትንሽ ነው። ጉዳቱን እኔ አልጽፍልዎትም።

ጣናን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጠዋት እንደ ዘይት ተኝቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሣል። የእናንተ ጨዋታ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የምትመለሱት ማታ ነው። 18 ልጆች፣ እርስዎ 19፣ ባለ ጀልባው 20። ላይፍ ጃኬቱ ስንት ነው? ከመቀመጫው ሥር ታስሮ ነው ወይስ ልጆቹ ለብሰውታል? ከመካከላቸው ዋና የማይችለው ማን ነው? የወላጆች ስልክ ያለው እርስዎ ኪስ ብቻ ከሆነ፣ እርስዎም ጀልባው ላይ ነዎት። ዝርዝሩን አንድ ሰው የብስ ላይ ይያዝልዎት። ይህንን ነው አራት ዓመት ቁጭ አድርገው የሚያስተምሩን። ቀሪው ጌጥ ነው ብል መምህሮቼ ይቆጡኛል።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። እንደ እርስዎ ያለ የሜዳ ሰው ወረቀት አይወድም፤ እኔም አልወድም። ግን መስከረም 2021 ቪየና ማራቶን ላይ የእኛው ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ገባ። ወዲያው ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ደንቡ የሚፈቅደው 4 ነው። ፎርሙ ላይ የሞላው ጫማና የሮጠበት ጫማ አንድ አልነበረም። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በአንድ ሴንቲ ሜትር! ከመነሻው በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር። እርስዎ 12 ዓመት ማሊያ ያጠቡ ሰው ነዎት፤ ጎንበስ ማለቱ አይከብድዎትም።

ለዩኒቨርሲቲው ልጅም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ጥያቄውን ጠይቆ ከሄደ ሥራውን አልሠራም። ተመልሶ ይምጣና ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ ይጻፍ። ቡና ይጠጣ፤ የዘጌ ቡና ይሄን ያህል ያስቀምጣል።

የጨዋታውን ሰዓት ስለመቀየር ደግሞ የባሕር ዳሮቹን ቡድን መሪ አነጋግሬዋለሁ። ለጠዋት ሦስት ሰዓት ችግር የለብኝም ብሏል። ቀኑን እርስዎ ይቁረጡት። እኔም በዚያ ቀን ማልጄ እሻገርና አብሬያችሁ እመጣለሁ፤ ለእኔም አንድ ጃኬት ያስቀምጡልኝ፤ ዋና አልችልም።